ሁለተኛው ጉርሻ

ረሃብን በአንድ መርፌ ማጥፋት ከተቻለ ወዲህ በከተማው ውስጥ ወፍራም ሙሽራ ታይታ አታውቅም። ሶልያናም ለሰርጓ ብላ ተወጋች። ሐኪሟ፣ «አመጋገብሽን አስተካክለሽ፣ በእግርሽ እየሄድሽ ቀስ ብለሽ ቀንሺ፤ ቢፈጅ ዓመት ነው» ብሏት ነበር። ዓመት ማን ይጠብቃል? ቬሎው ልክክ አለላት። ሰርጉ አለፈ፤ ረሃቧ ግን እንደወጣ ቀረ። የወጓትም ሰዎች «አንዴ ከጠፋ አይመለስም» ብለው አሰናበቷት።

ዛሬ እናቷ ወይዘሮ አምሳለ ሊጠይቋት መጥተው ምሳ ቀርቧል። ቀለበቷ ከጣቷ እንዳይወልቅ ክር ተጠምጥሞበታል። እናቷ አዩት። ክክ ወጡን በእንጀራ ጠቅልለው አጎረሷት። አኘከች፣ አኘከች፤ ጭቃ የጎረሰች ይመስል ጉሮሮዋ አልቀበል አላት። እንደምንም በውሃ አወራረደችው።

ወይዘሮ አምሳለ ሌላ ጠቅልለው እጃቸውን ዘረጉ።

«በቃኝ፣ እማዬ።»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል። በሞቴ፣ ልጄ!»

ሶልያና የተዘረጋውን እጅ እያየች የተጣበቀ ሆዷን ዳበሰች።

«እማዬ፣ ረሃብ እንዴት ነበር የሚያደርገው? ከየት ነበር የሚጀምረው? ረሳሁት እኮ።»

እናቷ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው አስቀመጡት።

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ? ሕፃን ሆነሽ ስታለቅሺ ነበር የማውቀው። ‹ራባት› ብዬ ጡቴን አጎርስሽ ነበር።»

የሶልያና እንባ በጉንጯ አጥንት ላይ ወረደ።

«ይኸው እያለቀስኩ ነው» አለች። «ራበኝ ማለት ነው?»