የማያብለጨልጨው ጥቁር

እናቱ ጣቷን የተባረከ ዘይት ውስጥ ነክራ በአዲሱ የእሽቅድምድም መኪናው ኮፈን ላይ ትልቅ መስቀል ስትሠራ ሲያይ፣ "እማዬ፣ ተይ!" ብሎ ጮኸ። ቀለሙ እንደ ከሰል የደበዘዘ ጥቁር ነው። ሰም አይቀባም፣ በብሩሽ አይታጠብም፤ አንዴ ከታሸ ያ ቦታ እያብለጨለጨ ይቀራል። በዚህ የተነሳ የራስ መኮንን ድልድይ መኪና አጣቢዎችን አጠገቡ አያስደርስም ነበር።

"ሳይባረክማ ከፒያሳ አይወጣም!" አለች፣ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

ለስላሳ ጨርቁን ይዞ ዘይቱን ሊያደርቅ ጎንበስ አለ። ይሄኔ ከጊዮርጊስ በኩል ፀሐይ ከደመናው ብቅ አለች። ብርሃኑን ሁሉ ውጦ በሚያስቀረው ጥቁር ላይ መስቀሉ ብቻውን በራ። እጁ አየር ላይ ቀረ።

ጨርቁን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ።

"እማዬ" አለ በሹክሹክታ፣ "በሾፌሩ በር በኩልም አድርጊልኝ።"