የፊርማ ገንዘብ

እጹብ በነርስነት እንደተመረቀች ሁለት ክሊኒኮች ፈለጓት። አንዱ ሰፈሯ ውስጥ ነው፤ ደመወዙም ደህና ነው። ሌላው ግን ሩቅ ቢሆንም፣ ለፊርማ ብቻ የስድስት ወር ደመወዝ በአንዴ እሰጣለሁ አለ።

«እንደ ኳስ ተጫዋች?» አሉ እናቷ ተደንቀው። «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ፈርሚ እንጂ!»

ፈረመች። በገንዘቡም ለእናቷ ፍሪጅ ገዛችላቸው።

ሥራ በጀመረች ዕለት ዋና ነርሷ ሲስተር አመለወርቅ መርፌ አስይዘው ወደ ጓሮ ወሰዷት።

«የመጀመሪያ ታካሚሽ የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ናቸው። ስኳር ስላለባቸው ጠዋት ጠዋት ኢንሱሊን ትወጊያቸዋለሽ።»

«ይሄማ ቀላል ነው። የት ናቸው?»

ሲስተር ወደ ማንጎው ዛፍ አንጋጠጡ። ነጭ ጋወን የለበሱ ሽማግሌ ቅርንጫፍ አቅፈው፣ «ልጄ፣ በእናትሽ፣ ነገ እወጋለሁ!» እያሉ ይለምናሉ።

«ዛፍ መውጣት ትችያለሽ አይደል?» አሏት ሲስተር።

እጹብ ፍሪጁን አሰበችና ጫማዋን አወለቀች።