አልነሳም ያለው አውቶቡስ

ኢንጌላ ቱቦዋን ለሦስተኛ ጊዜ ነፋች፤ ቀዩ መብራት ለሦስተኛ ጊዜ በራ። አውቶቡሱ፣ ሾፌሩ እዚያች ቱቦ ውስጥ ካልተነፈሰ አይነሳም። ትንፋሹ መጠጥ መጠጥ ካለ ደግሞ ሞተሩ ይቆለፋል።

ከኋላዋ አሥራ አንድ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪዎች ተቀምጠዋል፤ የሁሉም ታናሽ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። ቬክሾ ከተማ አጠገብ ባለ የአረጋውያን ማረፊያ ሊዘምሩ ነው የሚሄዱት። ከሚዘመርላቸው አረጋውያን አብዛኞቹ በዕድሜ ያንሷቸዋል።

«መሣሪያውን ብርድ መትቶታል» አለች ኢንጌላ ፊቷን ሳታዞር። ወሩ ግንቦት ነበር።

ቀደም ብላ ጥፋቱን አልኮል ባለበት የአፍ መጉመጥመጫዋ ላይ አሳብባ ነበር። ዘማሪዎቹም አምነዋት፣ አንዷ ወንድሟ አረቄ የገባበት ኬክ በልቶ ፖሊስ እንዴት እንዳስቆመው እየተረከች ነው። በዚህ መሀል የሰማንያ አራት ዓመቱ ያልማር ዘንጋቸውን ተደግፈው መጡና፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጠብታ አልቀመስኩም፣ እኔ ልንፋላት አሉ። አይፈቀድም ልትል አፏን ስትከፍት ቱቦዋ እሳቸው አፍ ውስጥ ገብታለች። ፊታቸው ቲማቲም እስኪመስል ነፉ። መሣሪያው ትንፋሽ አነሰኝ ብሎ ጮኸ።

«ዞር በል እስቲ» አሉ ሲቭ። ሲቭ የዘማሪዎቹ መሪ ናቸው፤ ጡረታ ሳይወጡ አስተማሪ ነበሩ፣ ኢንጌላንም ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው። ደረታቸውን ሞልተው አንድ ጊዜ ነፉ። አረንጓዴ በራ። ኢንጌላ እጇ ሳያማክራት ቁልፉን አዞረው፤ ሞተሩ ተነሳ፤ ከኋላ ጭብጨባው ቀለጠ።

ጨጓራዋን በቀዶ ሕክምና ካስቀነሰች ሁለት ዓመቷ ነው። ስልሳ ኪሎ ጥላለች። ድሮ አንድ ጠርሙስ ወይን ጨርሳ መርፌ ላይ ክር የምታስገባ ሴት፣ አሁን ገና በመጀመሪያው ብርጭቆ ጉልበቷ ይከዳታል። ሐኪሙ መጠጥ እንደ ድሮው እንደማይሆንላት፣ ሱስም ሊይዛት እንደሚችል ደጋግሞ ነግሯት ነበር፤ እሷ ግን ያን ጊዜ የምትገዛውን ቀሚስ ታስብ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ቤተሰቡ ሳቀ፣ እሷም አብራ ሳቀች። ከሥራ ስትመለስ የምትበላው የቀረፋ ዳቦ ያጥወለውላት ጀመርና ተወችው፤ ቦታውን አንድ ብርጭቆ ወይን ወሰደ። ከዚያ ሁለት ሆነ። ከዚያ መቁጠሩ ቀረ። ዛሬ ግን ከሥራ በፊት ጠጣች፤ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

መሪውን ይዛ መንገዱን አየች። ቀጥ ያለ ነው፤ ልጅ እንኳ የሚነዳው መንገድ።

ሞተሩን አጠፋችው።

«ምነው ልጄ፣ ተነስቶ የለ እንዴ?» አሉ ሲቭ።

«የነፉት እርስዎ፣ የምነዳው እኔ።» ፊቷን ወደ ኋላ አዞረች። «ብርድም፣ መጉመጥመጫም አይደለም። ጠጥቻለሁ። ዛሬ ብቻም አይደለም።»

የኬኩ ታሪክ መሀል ላይ ተቋረጠ። ያልማር ዘንጋቸውን ወለሉ ላይ እየቆረቆሩ ተናገሩ።

«እኔም ብሆን ሃምሳ ዓመት ያልቀመስኩት ጣዕሙን ጠልቼው እንዳይመስልሽ።»

ኢንጌላ ስልኳን አውጥታ ስምሪት ክፍል ደወለች። ስልኩን ያነሳው ሰው የብልሽት ቅጹን ሊሞላ የአውቶቡሱ ምኑ እንደተበላሸ ጠየቃት።

«ሾፌሯ» አለችው።

እሱም፣ ከልማድ ሳይሆን አይቀርም፣ ጎታች መኪና ይላክ ወይ ሲል ጠየቃት። አያስፈልግም፣ በእግሬ መሄድ እችላለሁ፤ ለእነሱ ሌላ ሾፌር ላክ አለችው። ለሐኪሟ ራሷ እንደምትደውልም ነገረችው። ይህን ማንም አልጠየቃትም ነበር።

ተተኪው እስኪመጣ አንድ ሰዓት ይፈጃል ተባለ። ዘማሪዎቹ እያጉረመረሙ ወረዱና መንገዱ ዳር ፌርማታው ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ጥግግት ብለው ተቀመጡ። ኢንጌላ ቁልፉን በእጇ ይዛ፣ ወዴት እንደምትሄድ ግራ ገብቷት፣ በሩ ላይ ቆመች።

ሲቭ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩዋት ቦርሳቸውን ከአግዳሚው አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉና ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ለቀቁ።