የማይመረው ካፕሱል

ታላቅየዋ ካፕሱሏን በመርፌ ወግታ ዱቄቱን በምላሷ ጫፍ ቀመሰችው። ምንም አይመርም። አጥንታቸው ስለሳሳ ከእህቷ ጋር የመድኃኒት ሙከራ ጥናት ውስጥ ሲገቡ ነርሷ፣ «ለግማሻችሁ አጥንት ይገነባል የተባለውን መራራ የቅጠል መድኃኒት፣ ለግማሻችሁ ባዶ ዱቄት ነው የምንሰጠው፤ ለማን የቱ እንደደረሰ እኔም አላውቅም» ብላቸው ነበር።

«እስቲ ያንቺን አምጪው» አለች፣ ጄሶ ያለበትን እጇን ዘርግታ። ታናሿ ብልቃጧን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«ምን ያደርግልሻል እትዬ?»

«ሰሞኑን ደረጃውን ዘለል ዘለል እያልሽ ስትወጪ ጠርጥሬ ነበር። መራራው አንቺ ጋ ነው፤ አውቀሽ ዝም ብለሻል!»

ታናሿ አቀረቀረች። ከዚያ ሁለቱንም ብልቃጦች ሳህን ላይ ገለበጠችና ካፕሱሎቹን በመዳፏ ደጋግማ አደባለቀቻቸው፤ እኩል እኩል አድርጋም መልሳ ሞላች።

«በይ እትዬ» አለቻት፣ «አሁን ጠርጥሪኝ።»