ዘይት ማፍሰሻዋ

ስሚማ የኔ ማር፣ ይሄን ሳልነግርሽማ እፈነዳለሁ። የአንዲት ልጅ እናትና አባት ከተፋቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። እናትየው ለአባትየው በር የምትከፍትለት በየሦስት ወሩ የመኪናዋን ዘይት ሊቀይርላት ሲመጣ ብቻ ነው፤ ጋራዥ የሚባል ነገር አታምንማ! እሱ ካርቶን አንጥፎ መኪናው ስር ይገባል፣ ልጅት አጠገቡ ቁጢጥ ብላ መፍቻ እያቀበለች የሦስት ወር ወሬዋን ትለፈልፍለታለች። የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ደግሞ ሁሌ አልፈታ ስለሚል ግማሽ ቀን አብረው ይውላሉ። ባለፈው ግን መፍቻው አምልጦት እጁ ተልጦ ደማ።

አሳዘናታ! መርካቶ ሄዳ አንዲት ትንሽዬ ቧንቧ ገዛችለት። በቡሎኑ ቦታ ትገጠምና እጀታዋን ጠምዘዝ ስታደርጊያት ዘይቱ ራሱ ይወርዳል፤ መፍቻ የለ፣ ትግል የለ።

አባቷ ለቀጣዩ ቅየራ ሲመጣ ቧንቧዋን ተቀብሎ እጁ ላይ አገላብጦ አያት።

"አንቺ ነሽ የገዛሽው?"

"አዎ አባዬ! እጅህ እንዳይጎዳ ብዬ።"

"ጎበዝ፣ የኔ ልጅ" አለና ቡሎኑን እንደምንም ታግሎ ፈትቶ ገጠማት።

እናቷ ከበረንዳው ወርዳ ጎንበስ ብላ አየች።

"ይኸው ነው? ይሄንንማ እኔም እችላለሁ። በቃ፣ ከእንግዲህ አትልፋ።"

አባቷ ካርቶኑን አጥፎ፣ የልጁን ግንባር ስሞ ወጣ።

ልጅት እየተንሰቀሰቀች ለጓደኛዋ ለኤልዳና ደውላ ሁሉንም ነገረቻት። ኤልዳና ምን አለቻት መሰለሽ? ቃል በቃል ልንገርሽ፦

"የመኪናው ጎማም እኮ ይተነፍሳል።"