ከኮፒ ማሽኑ ክዳን ሥር

መምህር አንለይ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ ዲግሪውን ስካን ሊያደርግ የማሽኑን ክዳን ሲከፍት፣ መስታወቱ ላይ የሌላ ሰው ወረቀት ተረስቶ አገኘ። ገልብጦ አየው። እንግሊዝኛ የማስተማር ሰርተፍኬት ነው፤ ስሙም የለገሰ። አብሮት የሚያስተምረው፣ አሶሳ ውስጥ እንደ ወንድም የሚቆጥረው ለገሰ!

ሁለቱም ቬትናም ላለ አንድ ትምህርት ቤት አመልክተው ነበር። ለአንለይ ዛሬ ጠዋት «ሰርተፍኬት ከሌለህ አንቀጥርህም» የሚል መልስ ስለመጣለት፣ በዲግሪው ሊለምናቸው ነበር አመጣጡ። ያኔ የሰርተፍኬቱ ሥልጠና ሊጀመር ሲል «የአንተ እንግሊዝኛ እኮ ፈረንጅ ያስንቃል! ሰርተፍኬት ለተንተባታቢ ነው» ብሎ ያስቀረው ከለገሰ ሌላ ማን ሆነና? እሱም፣ ሞኙ፣ ደስ ብሎት ስቆ ነበር።

ሰርተፍኬቱ ላይ ያለውን ፎቶ ወደ ዓይኑ አስጠጋ። የኮቱ ኮሌታ በቀይ ክር ተሰፍቷል። የሰፋችው የአንለይ ሚስት ናት፤ ለገሰ «መንጌ ከተማ ሠርግ ተጠርቻለሁ» ብሎ የተዋሰው የራሱ የአንለይ ኮት ነው።

ለገሰ እያለከለከ ገባ።

«ወንድሜ፣ እዚህ... አንድ ወረቀት አላየህም?»

አንለይ ሰርተፍኬቱን በሁለት እጁ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚሰጥ አድርጎ አቀበለው።

«ሠርጉ እንዴት ነበር?» አለው። «ኮቴስ አምሮብሃል።»