የሳፊያ ካርድ

ስደተኞችም እንደ አገሬው ሰው በጤና መድን መመዝገብ በጀመሩበት ቀን፣ ከጤና ጣቢያው ሰልፍ ፊት የቆመችው ሱዳናዊት እናት ነበረች። ከኋላዋ የአገሩ ተወላጅ የሆነችው ጎረቤቷ ሐዋ፣ ትኩሳት የያዛትን ልጇን ረውዳን ታቅፋ ትጠብቃለች።

«የልጅሽ ስም ማነው?» አለች የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ።

«ሳፊያ። ስድስት ዓመቷ ነው።»

«አምጫትና ልያት።»

«አልመጣችም። ስሟን ብቻ ጻፊልኝ፣ እህቴ።»

«ልጅቷን ሳላይ አልመዘግብም፣ እናት።»

ሴትዮዋ ወደ ሐዋ ዞር ብላ አየች። ሐዋ አንገቷን ደፋች።

«ባለፈው ክረምት እኛ እዚህ መታከም አይፈቀድልንም ነበር» አለች ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ልጄ ስትታመምብኝ ሐዋ የረውዳን ካርድ አዋሰችኝ። በረውዳ ስም አስተኛኋት።»

ሠራተኛዋ ተነስታ የረውዳን ፋይል ከመደርደሪያው አወጣች። የመጨረሻው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ሞታለች» ተብሎ ተጽፏል።

«ትናንት ሐዋ ልጇን ልታሳክም መጥታ፣ ‹በዚህ ካርድ የታከመችው ሞታለች› ብላችሁ መለሳችኋት» አለች ሴትዮዋ። «ሞቱ የልጄ ነው። በስሟ ጻፊውና ረውዳ ትታከም።»